የነሐሴ ሣርና የዋግ ዝናም

የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ቀን ሲነጋ፣ በዋግ፣ በሰቆጣና በዙሪያዋ ያሉ ልጃገረዶች ጠጕራቸውን ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሲያበቁ ከወገባቸው የሚያስሩት ረጅም ለምለም ሣር ሻደይ ይባላል፤ በዓሉም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሣር ነው። ሣሩ ቀደም ብሎ ርጥበት ካለበት ቦታ ተለቅሞ ይመጣና እናት ወይም ታላቅ እኅት አገዳ አገዳውን አስተካክላ፣ ላይኛውን በኩል እንደ መቀነት ጎንጉና፣ ታችኛውን ግን እስከ ባት እንዲወርድ ለቅቃ በልጅቱ ወገብ ታዞረዋለች። ልጅቱ ቆማ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ወገቧን ወዝወዝ ታደርጋለች፤ ሣሩ ሿ ብሎ ከተከተላት ማሰሪያው ጠብቋል፣ ከተንሸራተተ ግን ተፈትቶ እንደገና ይጎነጎናል። ከዚያ በኋላ ከበሮ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ ሹም ቤት ሲዘዋወሩ ይሰነብታሉ። ይኸው ልማድ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያና በትግራይ አሸንዳ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል።

የበዓሉን ጥንተ ነገር ሲያስረዱ አንዳንድ ሊቃውንት ከእመቤታችን ዕርገት፣ አንዳንዶቹም ከመስፍኑ ከዮፍታሔ ልጅ ጋር ያያይዙታል፤ በኔ ልብ የቀረችው ግን ሦስተኛዪቱ ትርጓሜ ናት። ይኸችውም የጥፋት ውኃ በጎደለ ጊዜ ርግብ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ በመጣች ቀን ሰዎች በደስታ ሣር ታጥቀው ዘፈኑ የምትለው ናት። ነገሩን ላሰበው ሰው ይህች ትርጓሜ ለዋግ እንግዳ ነገር አላት፤ ምክንያቱም ኖኅና ልጆቹ ውኃው ጎደለልን ብለው የታጠቁትን ሣር፣ የዋግ ልጆች ውኃው መጣልን ብለው ይታጠቁታልና ነው። ሐምሌ ሳይዘንብ የቀረ እንደ ሆነ ነሐሴ ላይ ሣር ፍለጋ ሩቅ ይኬዳል፤ የተገኘውም አጭርና ቀጭን ይሆናል። ስለዚህ የልጃገረዲቱ ወገብ፣ የዝናም መለኪያ ብልቃጥ በአገሩ ሳይተከል ከብዙ ዘመን በፊት፣ የዓመቱን ዝናም ይለካ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የአየር ጠባይ መለወጥ ለአንድ አገር ምን ይጠቅማል ምን ይጎዳል የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ብዙዎች ከመሣሪያና ከቁጥር ሲነሡ እኔ ከዚህ ሣር መነሣቴም ስለዚህ ነው።

ዋግ ኽምራ ስሙ ከአገሩና ከሕዝቡ ስም የተጣመረ፣ ኽምጣኛና አማርኛ የሚነገርበት፣ በአማራ ክልል በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ የአገው ምድር ነው። ሰቆጣ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ በስተምዕራብ ምድሩ እየተሰነጣጠቀና እየጋለ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል፤ በስተደቡብ በኩል ደግሞ ገብስ ወደሚዘራበትና ውርጭ ወደሚጥልበት ደጋ ይወጣል። በዝቋላ፣ በአበርገሌ፣ በሰሃላና በቅርብ ዓመታት ራሱን ችሎ ወረዳ በሆነው በፃግብጂ ያለው ሰው ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ሲኖር፣ በደሃናና በጋዝጊብላ ከፍታዎች ያለው ገብሱንና በጉን ይዞ ይኖራል። አንድ ሰው ጧት ከደጋ ተነሥቶ በማግሥቱ ቆላ ሊያድር በሚችልበት በዚህ አገር፣ አንዱ መንደር የሚያለቅስበት ዓመት ለሌላው መንደር የሚዘፈንበት ሊሆን መቻሉ የቆየ ነገር ነው። የጥቅምና የጉዳት ሒሳብም በዋግ ገና ከጥንቱ በአንድ መዝገብ የሚጻፍ አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ክፍለ ዘመን ስትከፍለው ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ታደርገዋለች፤ ከዚያም መፀው፣ ሐጋይና ፀደይ በየተራቸው ይከተላሉ። ክረምቱም ዘርዕና ደመና፣ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ እየተባለ በንኡስ ክፍል ተከፍሎ ማኅሌቱና ቅዳሴው ከዚያ ጋር ይሄዳል፤ በነሐሴ ዕጓለ ቋዓት ሲደርስም እናታቸው የማትመግባቸው የቁራ ጫጩቶች ወደ ፈጣሪ ጮኸው እንደሚመገቡ ይታሰባል። ይህ ሥርዓት ሦስት ወር ለሚዘንብበት አገር የተሰፋ ልብስ ሲሆን ለዋግ ግን ሰፊ ነው። በዋግ፣ ይልቁንም በቆላው፣ የሚታመነው ዝናም ሐምሌ ገብቶ ነሐሴ ሲያልቅ የሚሄድ ነውና መዘምራኑ ገና የጠሉንና የአፍላጉን ዜማ ሲያዜሙ ሰማዩ ጠርቶ ይገኛል። በሌላው አገር ጳጕሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል ዝናም ይጠበቃል፤ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይጠመቁበታል። የዋግ ገበሬ ግን በዚያ ቀን የወረደች ጠብታ ማሽላውን ታፋፋለት እንደ ሆነ እንጂ ለመጠመቂያ የሚተርፍ ነገር አያይባትም። የዘራው ሰብል እንዲያፈራ ወይም እንዲጠወልግ የሚወስኑት ሁለት ሦስት ሳምንታት ናቸው። ኋላ ስለ ዘመናችን ለውጥ ስንነጋገር ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ሰፊ ክረምት ላለው አገር 15 ቀን መዘግየት ቅሬታ ሲሆን ለዋግ ዓመት ነው።

ይሁን እንጂ ድርቀት ለዋግ ዘወትር ጠላት ሆኖ አልኖረም። ሰቆጣን ከተማ ያደረጋት፣ በ19ኛው ምእት ዓመት ያለፉ መንገደኞችም ስሟን በመጽሐፋቸው እንዲያነሡ ያስገደዳቸው፣ የጨው ገበያዋ ነው። ከአፋር በረሓ፣ ከአርሆ፣ ፀሐይ ካደረቀው የጨው ምድር ተጠርቦ በአሞሌ መልክ የሚወጣው ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ በትግራይ ደጋ በኩል ሰቆጣ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ወደ ላስታ፣ ወደ የጁና ወደ በጌምድር ይበተን ነበር። አሞሌ ከክንድ ያጠረ፣ ሁለቱ ጫፉ ቀጠን መካከሉ ወፈር ያለ፣ ሰው እንደ ገንዘብም እንደ ቅመምም የሚይዘው ነገር ነበር። ከ500 ዓመት በፊት ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፤ በረሓው አፍ ላይ ብዙ ፍሬ የሚሰጥበት ገንዘብ ንጉሡ ካሉበት ሲደርስ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይገዛ ነበር።

አሁን ደግሞ የዚህን ንግድ ጠባይ ተመልከቱ። አሞሌን የሚያጠፋው ሌባና ቀራጭ ብቻ አይደለም፤ ዝናም ነው። አንድ ጭነት ጨው በአንድ ሌሊት ካፊያ ጠርዙ ይሟሟል፣ መጠኑ ይጎድላል፣ የጎደለ አሞሌ ደግሞ በሙሉ ዋጋው አይሄድም፤ ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው መንገዱን በበጋ ያደርጋል፣ ደመና ሲያይ ጭነቱን በቆዳ ይሸፍናል፣ የገዛውም ሰው ቤት ሲያስገባው ርጥበት እንዳያገኘው ከምድጃው አጠገብ ያኖረዋል። እንግዲህ በአንዲት ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ አጥር ግቢ፣ ገበሬው ዝናም አውርድልን ብሎ እግዚኦታ ሲያደርስ ነጋዴው በልቡ ጥቂት ቀን ታገሠን ይል ነበር ማለት ነው። ፈጣሪ የሁለቱን ጸሎት እንዴት አድርጎ እንደሚያስታርቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። እኔ የምለው ግን፣ የሰማይ ለውጥ ጥቅሙና ጉዳቱ በአገር ስም ሲነገር ይህ ነጋዴና ይህ ገበሬ በአንድ ቃል እየተጠሩ መሆናቸውን እንዳንረሳ ነው። ቆላው የሚሰጠው ዕጣን፣ በመስከረም አበባ የሚሰበሰበው ነጭ ማር፣ የአበርገሌ ፍየልም እንዲሁ ከደረቅ ምድር የተገኙ ሀብቶች ናቸው፤ የዋግ ድርቀት የራሱ በረከት ያለው ድርቀት ነበር።

በዚህ ምድር ላይ የተሾሙት ዋግሹሞች የዛግዌ ነገሥታት ዘር መሆናቸው፣ መንግሥቱም በ13ኛው ምእት ዓመት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር የብር ነጋሪትና በንጉሥ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት እንደ ተተወላቸው ይነገራል። ከመካከላቸው ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ፣ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ፣ ድል ሆነዋል። ከሰቆጣ ጥቂት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የቀደሙት ሹማምንት አስከሬን በሣጥን እንዳለ ይታያል። ያን ያህል ዘመን ሳይፈርስ መቆየቱን ሰው በቅድስና ቢተረጕመውም ደረቁ አየር ሳያግዝ የቀረ አይመስለኝም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የወንዙ ነገር ነው። የዋግን ጐርፍ የሚቀበለው ተከዜ ስሙን ለውጦ ሰቲት፣ ቀጥሎም አትባራ ተብሎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ስለዚህ በዋግና በላስታ የታጣው ዝናም በግብፅ ይታወቃል። በቅዱስ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1200 እስከ 1202 ባሉት ዓመታት፣ ዓባይ ሳይሞላ ቀርቶ በግብፅ የሆነውን ክፉ ረኃብ የባግዳዱ ሐኪም ዓብዱል ላጢፍ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ንጉሡ ዓባይን ሊመልስ ዝቶ ነበር የሚለው አፈ ታሪክ ምንጩ ምንም ይሁን ምን፣ ወንዙን የመለሰው ሰማዩ ነበር። በደግ ዓመት ደግሞ ከኛ ተራራ የታጠበው አፈር የግብፅን እርሻ ሲያወፍር ኖሯል። የአንዱ ጉዳት ለሌላው ጥቅም መሆኑ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን በመላው ኢትዮጵያ የደረሰ ቢሆንም ለዋግ ትምህርቱ ልዩ ነው። በምጽዋ ላይ ለኢጣልያ ጦር ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች የገባው የከብት በሽታ ሽቅብ ወጥቶ ከአገሩ ከብት ከመቶው 90 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል፤ በዚያው ጊዜ ዝናሙ ቀረ፣ አንበጣና ተምች ወረደ። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናም ቢዘንብለትም የሚያርስበት የለውም፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፍረው ለሰዉ አርኣያ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ። ያን ሕዝብ የገደለው ሰማዩ ነው ወይስ በሬው? ዝናም የቀረበት ዓመት ከዚያም በፊት ነበረ፤ ነገር ግን ሰዉ ወይ በሬውን ይዞ፣ ወይ ሸጦት፣ ወይ ዘመድ ወዳለበት ተሰዶ ይሻገረው ነበር። በዚህ ጊዜ መሻገሪያው ራሱ ሞተ። ከዚህ ወዲህ ያሉትን ዘመናት ሳያቸው በዚህች መሻገሪያ ላይ ያልቆመ አንድም የዋግ ረኃብ አላገኘሁም።

ጥቂት ከመንገድ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላንሣ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ወደ መቅደላ ሲያልፍ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ስለ ነበር በመንገዱ ያሉ ተራሮችና ሸለቆዎች ሥዕል ቀርቷል። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጅጋዊው ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው በየቦታው ቆመው ያንኑ ሥዕል ሲያነሡ፣ ጥንት በደን ተሸፍኖ ነበር እየተባለ የሚነገርለት የሰሜን ደጋ በዚያን ጊዜ ከዛሬው ይበልጥ የተራቈተ ሆኖ አገኙት። በዛሬው ሥዕል እርከኑ፣ ክልሉና ቍጥቋጦው ይታያል። ይህ የሆነው ሰማዩ ስለ ተሻሻለ አይደለም፤ በ1970ዎቹና ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ሕዝቡ በነፃ ጕልበቱም በእህል ክፍያም ድንጋይ ደርድሮ፣ ተራራ ከልሎ ነው። በቀድሞ ዘመን ሁሉ ለምለም ነበረ፣ በኛ ዘመን ጠፋ የሚለውን ልቅሶ የምንወድ ሰዎች ይህ ማስረጃ ደስ ላያሰኘን ይችላል፤ ግን በሥዕል የቀረ ነገር ነው።

ዝናምና ሙቀትም ሲበዛ በረከት ብቻ ይዞ አይመጣም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ፣ ከተለመደው በላይ ሞቆና ዘንቦ፣ ወባ ከቆላ ተነሥታ ወባን ወደማያውቀው ወይናደጋ ወጣች፤ በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተጽፏል። በዚያው ሰሞን ትግራይ በድርቅ ትራብ ነበር። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ በውኃ እጦት ሌላው በውኃ ብዛት ሞተ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለብዙ አንባቢ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1958 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ረኃብ ገባ፤ በ1965 ደግሞ ተመለሰ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ገልጦት በዓመቱ ዘውዱ ወደቀ። ሊቃውንት እንደ ደረሱበት የሰላማዊው ውቅያኖስ ውኃ ኤልኒኖ በሚሉት ምክንያት ሲሞቅ የኛ የሰሜኑ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል፤ ክፉ ቀንም፣ የ1958ቱም፣ የ1965ቱም ድርቅ ከዚህ ጋር ተያይዘው ይነገራሉ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ግን ስለ ገበሬው ለረኃብ መጋለጥ ባደረጉት ጥናት ጣታቸውን ከሰማዩ ይልቅ ወደ ምድሩ ሥርዓት ቀስረዋል፤ ጐተራውን ሌላው ሲያራግፍበት የኖረ ገበሬ አንድ ክረምት ሲጎድልበት ይወድቃል።

1977 ዓ.ም. ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል። ዋግ በጦርነት ምክንያት እህል የማይደርስበት፣ ገበያው የተበተነበት አገር ሆኖ ነበርና ሰዉ ቤቱን ዘግቶ፣ የሚሄድ እየሄደ የማይችለውን እየተሸከመ፣ የቀናት መንገድ ተጕዞ ኮረም ወጣ። ኮረም ደጋ ነው፤ የቆላ ሰው ነጠላ ለብሶ በሜዳ ሲያድርበት ይገድላል። በዚያ የጥቅምት ውርጭ ጧት ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ያነሡት ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ፤ በመላው አገር የሞተውን ሰው ቍጥር አንዳንዶች 400,000፣ አንዳንዶች እስከ 1 ሚሊዮን ያደርሱታል። መንግሥትም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው አንሥቶ፣ አንዳንዱን በውዴታ አንዳንዱን በግዴታ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ አሰፈረ። ዝናም ፍለጋ ሰው በራሱ እግር መሄዱ የቆየ የዋግ ጥበብ ነው። መሄጃውን ሌላ ሰው መርጦ ሲጭነው ግን ስሙ አንድ ቢሆንም ሥራው ሌላ ነው።

ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥ የምንለው ነገር በዚህ ሁሉ ላይ የተደረበ ነው። በኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት አማካይ ሙቀቱ 1.3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ከፍ ማለቱ ተለክቷል። ይህ ቍጥር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በተራራ አገር አንድ ዲግሪ ማለት ቆላው ከመቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ተራመደ ማለት ነው። ጥቅም አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አለው ብዬ ለመመለስ አላፍርም። ውርጭ ገብሱን ይገርፍበት የነበረ የደጋ ገበሬ ውርጩ ሲሸሽለት ስንዴውንና ጤፉን መሞከር ይችላል፤ ላም የማይችለውን ሙቀት የአበርገሌ ፍየል ስለምትችለው ቆላው ሀብቱን ወደ ፍየል ያዞራል፤ በሰቆጣ ያለው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልም ቶሎ የሚደርስ ዘር ፍለጋ ላይ ነው። በተከዜ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው ግድብ ውኃውን ወደ ኋላ ሲያቈመው የአበርገሌና የዝቋላ ወጣቶች መረብ ይዘው ቆሮሶና አምባዛ ማጥመድ ጀመሩ። ማሽላ ሲጠባበቁ የኖሩ ሰዎች ልጆች ዓሣ አስጋሪ ሆኑ ብሎ ለአያቶቻቸው የሚነግር ቢኖር ማን ያምነው ነበር! በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሰቆጣ ገባ። በመንግሥት ደረጃ ደግሞ፣ ለጥፋቱ እጅግ ጥቂት አስተዋፅኦ ያላት አገራችን በ2002 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ጉባኤ የአፍሪካን ድምፅ በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኩል አሰምታ ካሣ ጠይቃለች፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የተገባው፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የሚለው ውጥን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚች ከተማ ስም ተጠርቷል።

ጉዳቱ ግን ከዚህ ይከብዳል። ቀድሞውንም ጠባብ የነበረው ክረምት ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሲወጣ የዋግ ገበሬ የሚያጣው የዝናሙን ብዛት ብቻ አይደለም፤ ዘመኑን የማወቅ ጥበቡን ነው። አባቱ በዚህ ቀን ዝራ ያለውን ቀን ሰማዩ አልቀበልም ብሎታል። ሲዘንብም አንዳንዴ በአንድ ከሰዓት የወር ዝናም ያወርድና አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ይዞት ይሄዳል፤ ያ አፈር ዛሬ ግብፅም አይደርስ፣ ግድቡ ሥር ይተኛል። የዕጣኑን ዛፍ ነገር ለብቻው መናገር ይገባል። ሽማግሌው ዛፍ እየተበጣ ሙጫውን ይሰጣል፤ በሥሩ ግን የሚተካው ችግኝ አይታይም። ለዚህም ከሰማዩ ይበልጥ የሚወቀሰው እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ዕረፍት የማይሰጥ ቢላዋ ነው። ሁሉን ነገር በአየር ለውጥ ማሳበብ ለጥፋተኛው መሸሸጊያ ይሆነዋልና በዚህ እንጠንቀቅ።

የመሻገሪያውን ነገር ወደ ኋላ ትቼው ነበር፤ ልመለስበት። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት የደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለእርዳታ ሲያበቃ ዋግ ኽምራ ከሁሉ ፊት ከተጎዱት አንዱ ነበረ፤ ነገር ግን 1977 አልተደገመም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት እህልና ገንዘብ ነበረ፣ መኪና የሚያስገባ መንገድ ነበረ፣ ፍየሉን አውጥቶ የሚሸጥበት ገበያ ነበረ። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ ጦርነት በሰሜን ሲነሣ ግን ይህ ሁሉ ተቈረጠ፤ የአበርገሌና የፃግብጂ ሰው ቀዬውን ለቅቆ ሰቆጣ መጠለያ ገባ፣ ተዘርቶ መታጨድ የነበረበት ማሳ ጦም አደረ። በ2015 ክረምትም ዝናሙ ሲቀር በአበርገሌ፣ በሰሃላ፣ በዝቋላና በፃግብጂ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ። ሰማዩ ከ2008ቱ ይከፋ አይከፋ ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። መንገዱ ግን የከፋ ነበር።

ስለዚህ ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ የአየር ጠባይ ለውጥ በዋግ ጥቅሙን የሚሰጠው መንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ነው፤ ፍየሉን ወደ ተከዜ ለሚያወርድ፣ ጨውና ማሩን ገበያ ለሚያደርስ፣ ዘሩን ለመለወጥ አቅም ላለው። ጉዳቱን የሚሸከመው መሄጃ ያጣው ነው። ይህም በክፉ ቀን፣ በኮረም፣ በኋላም በመጠለያው ድንኳን የታየ ነው።

አሁን የቀረኝ ልመና ነው። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾቻቸው ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሹም ሞት፣ የአንበጣና የረኃብ ዓመት ተጽፎባቸው እናገኛለን፤ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እያሉ ያን የመዘገቡልን ደብተራዎች ማንም አላዘዛቸውም። የዝናሙን መግቢያና መውጫ ቀን ግን በዋግ አብያተ ክርስቲያናት በየዓመቱ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ከየትኛውም መሣሪያ የማይተናነስ መዝገብ ይሆንልን ነበር። የአጥቢያው ካህን ይህን በአንድ መስመር ማድረግ አይከብደውም። አንተም የዋግ ልጅ የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ ለሻደይ አገርህ ስትገባ አያትህን አንድ ነገር ጠይቃት፤ ሣር ታጥቶ የቀረበት ነሐሴ የትኛው እንደ ነበረ። የምትነግርህንም ከነዘመኑ ጻፈው።